የልብስ ሰፊው ሆድና የአማቱ ሳህን

ልብስ ሰፊው አማቱን «መርዝ ታበላኛለች» ብሎ የጠረጠራት ሆዱን መቁረጥ የጀመረው ሰሞን ነው፤ ሴትዮዋ ልጇ ጋ ልትኖር ከመጣች ወዲህ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ባልና ሚስቱ በቀጭን ሾርባ ሲኖሩ እሱ በመርፌ ቀዳዳ ሊያልፍ ጥቂት ቢቀረውም ሆዱ ዝም ያለ ነበር። አሁን እንቁላል፣ ወተትና የሰባ ሥጋ ከአማቱ እጅ እየቀረበለት ጭራሽ ከሳ። ቁርጠቱማ ከስፌት መኪናው አስነስቶ መሬት ላይ ያንከባልለዋል።

«ሰው በነጻ እንቁላል ይጠብሳል?» አለ ለራሱ። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል።

ስለዚህ አማቱ ጨው ልታመጣ ጓዳ ስትገባ ሳህኑን በሷ ሳህን ይለውጥ ጀመር። እሷ የሱን ጥርግ አድርጋ በልታ እያንጎራጎረች ዕቃ ታጥባለች፤ እሱ የሷን በልቶ ይንከባለላል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ነጻ ያወጣት ነበር። እሱ ግን «ማርከሻውን ቀድማ ትጠጣለች» አለ።

በመጨረሻ ሚስቱን «ወይ እናትሽ፣ ወይ እኔ» አላት።

«ተመርመር» አለች ሚስቱ። «መርዝ ከተገኘ እኔው ራሴ አውቶቡስ ላይ አሳፍራታለሁ። ካልተገኘ ግን ሁለተኛ ስሟን በክፉ ብታነሳ የምንሄደው እኔና እሷ ነን።»

ጤና ጣቢያ የሄደው አማቱ የሠራችውን ሾርባ በጠርሙስ ደብቆ ነው። የላቦራቶሪው ሰው ጠርሙሱን አሸተተና «ወንድሜ፣ ይሄ ለምሳዬ ይሆናል። አንተ ሰገራህን አምጣ» አለው። ያመጣለትን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ቆይቶ ቀና አለ።

«የወስፋት ትል ነው። ሾርባው ያመጣው አይደለም፣ የቆየ ነው። ድሮ አንተ ስትራብ እነሱም ተርበው አድፍጠው ነበር። አሁን ቀለብ ሲደርሳቸው ጠገቡ። የጥጋበኛን ነገር ታውቃለህ።»

«እንግዲያ ልራብ?»

«ብትራብ ቀድመህ የምትወድቀው አንተ ነህ። ክኒኑን ዋጥ፤ እነሱ ሲወጡ ምግቡ ላንተ ይሆናል።»

እራት ላይ አማቱ እንደ ልማዷ ለጨው ስትነሳ፣ ልብስ ሰፊው እጆቹን ጭኑ ስር ቀብሮ ተቀመጠ። ተመልሳ ሳህኖቹን አየች።

«ዛሬስ አልለወጥክም?»

አንገቱን ደፋ። «ያውቁ ኖሯል እንዴ፣ እማማ?»

ከሽርጧ ኪስ የጨው ዕቃውን አውጥታ ገበታው ላይ አስቀመጠች። «የሰው ሳህን ሲያምርህ ባይ፣ የሰባውን እኔ ሳህን ላይ እያደረግሁ እነሳልህ ነበር እኮ» አለችና የራሷን ወደሱ ገፋችለት።

ሚስቱ ዓይኗን ተከለችበት። ሳህኑን ተቀብሎ ጎረሰ። ከመጉረሱ በፊት ግን፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ትንሽ አሸተተ።