ከእናቱ የወረሰው

ሁለቱ ወንድማማቾች ከአባታቸው ጋር መስታወት ቆርጠው በመግጠም ይተዳደሩ ነበር። ሱቃቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ታላቁ ወንድም ደንበኛ ቤት ሄዶ ይለካል፣ ይገጥማል፤ ታናሹ ይቆርጣል። ታናሹን የሰፈሩ ሰው «ሳቂታው» ነበር የሚለው። በዋጋ ሊጨቃጨቅ የገባ ሁሉ ከእሱ ጋር ሲቀልድ ቆይቶ፣ የተባለውን ከፍሎ ይወጣል።

ያ ቫይረስ ከተማውን ሲያምስ መጀመሪያ የተያዘው ታላቁ ነው። ትንፋሽ አጥሮት፣ ኦክስጅን ተሰክቶለት፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ተስፋ እስኪቆርጡ ተኛ። ታናሹም እሱን ሲያስታምም ተያዘና ሆስፒታል ገባ፤ ግን ቀለል ብሎት ቀድሞ ወጣ። ሁለቱም ሲተርፉ አባትየው የሚሆነውን አጣ። «ሞት ልጆቼን ቀምሶ ተፋልኝ» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር።

ታላቁ ቆዳውና አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ መሰላል ላይ ወጥቶ መስኮት ይገጥም ጀመር። ታናሹንም ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሳሉ ጠፋ፣ ምርመራውም ነፃ ነህ አለው። እሱ ግን አልነቃ አለ። ጠዋት ዓይኑ ይገለጣል፣ ሰውነቱ አይነሳም። የጎረሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ካርቶን ይሆንበታል። ፊቱን መታጠብ እንኳ የቀን ሥራ ያህል ከበደው።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» ይለዋል አባቱ በሩ ላይ ቆሞ።

«ምኔንም አያመኝም አባባ። ምንም ነገር ደስ አይለኝም እንጂ።»

«እኔስ ምን ደስ ብሎኝ ነው በዚህ ዕድሜዬ ሱቅ የምከፍተው?»

ታላቁ ደግሞ ይብስ ነበር። «እኔ ከሞት አፍ ተመልሼ እሠራለሁ፤ አንተ ሳል ነካ አድርጎህ ትሞላቀቃለህ!» ይለዋል። አንድ ቀን ክንዱን ይዞ እየጎተተ ሱቅ ወሰደውና መቁረጫውን እጁ ላይ አስቀመጠለት። ታናሹ ሰፊው መስታወት ፊት ቆሞ ቀረ። እንባው መስታወቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። በሩ ላይ ደንበኛ ቆማ ነበር።

«ስባሪ ዓይኑ ገብቶ ነው» አለ ታላቁ፣ አፍሮ።

ሐኪም ቤት የወሰዱት ወሬው ሰፈር ውስጥ ከተሰማ በኋላ ነው። ሐኪሟ ረጋ ብላ ስትጠይቀው ቆየችና ወደ አባትየው ዞረች።

«ይሄ ድባቴ ነው። ከከባድ የቫይረስ ሕመም ካገገሙት አንዳንዶቹን ይይዛል። በዘር የመጣ ተጋላጭነት ያለበትን ሰው ደግሞ ይበልጥ ያጠቃል። ከቤተሰባችሁ እንዲህ የሆነ ሰው ነበረ?»

«የለም» አለ አባትየው ቶሎ ብሎ። «በእኛ ዘር እብድ የለም።»

«እብደት አላልኩም አባባ።»

«የለም አልኩ እኮ!»

ታላቁ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

መድኃኒት አዘዘችለት፣ ቀጠሮም ሰጠችው። መንገድ ላይ አባትየው መድኃኒቱን ከእጁ ተቀበለ። «ይሄን አንዴ ከጀመርከው አይለቅህም» ብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ቀጠሮውም እንደዋዛ አለፈ። ታናሹ ከሳ፣ ጢሙ አደገ፣ ሰው ሲመጣ የተኛ ይመስላል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አክስቱ ወሬውን ሰምታ መጣች፤ የእናቱ ታናሽ እህት ናት። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያንን ቤት ረግጣው አታውቅም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እህቴን! ቁርጥ እህቴን!»

«ምን አልሽ?» አለ፣ ዞር ብሎ።

«እናትህም እንዲሁ ነው የሆነችው።»

እናቱ የሞተችው እሱ ገና ዳዴ ሲል ነው፤ የገደላት የሳንባ በሽታ ነው እየተባለ አደገ። አክስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እውነቱን ነገረችው። ያኔም ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። እናቱ ታማ ተነሳች፤ ከዳነች በኋላ ግን አልነሳም አለች። ባልዋ ሰነፍ እየቀለብኩ አልኖርም ብሎ ወላጆቿ ቤት አደረሳትና ተመለሰ። እዚያ እህል እንቢ እንዳለች አለቀች።

«ሳንባዋ ደህና ነበር ልጄ» አለች። «ሳንባዋን ማን ነካው?»

አባትየው ድምፅዋን ሰምቶ ገባ። «ውጪልኝ ከቤቴ!»

«እወጣለሁ። እሱንም ይዤው ነው የምወጣው።»

እንዳለችውም ደግፋ አስነስታ ወሰደችው። ሐኪሟ ዘንድ ሄደው ሁሉንም ነገሯት።

«እንግዲህ የእናቴን ዕጣ ነዋ የወረስኩት?» አላት።

«ዕጣ አይወረስም። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ እሱም ከብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት እየሆነ ነው የሚመጣው። ወንድማማቾች እኩል አይካፈሉትም። ቫይረሱ ባይቀሰቅሰው ምናልባት ዕድሜህን በሙሉ ሳታውቀው ትኖር ነበር። እሷ የሚያክማት አላገኘችም፤ አንተ አግኝተሃል። ያኔ ስጠይቅ ብትነግሩኝ ኖሮ ግን፣ ስትቀር ቤትህ ድረስ ሰው እልክ ነበር።»

እንደገና ያዘዘችለት መድኃኒት ቶሎ አልሠራም። መጀመሪያ የተመለሰለት የዳቦ ጣዕም ነው፤ ቀጥሎ እንቅልፍ። በረታ ሲል አክስቱ ሰፈር ካለ መስታወት ቤት ተቀጠረ። ይቀልዳል፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

አንድ ቀን ታላቁ መጣና ቆሞ አንገቱን ደፋ።

«አባባ ጭኖ ሲወስዳት አይቻለሁ» አለ። «እንደሷ ተኝተህ ሳይህ ፈራሁ። ስፈራ እሳደባለሁ፣ ታውቀኛለህ። ... ሴት ልጆቼስ ወርሰውት ይሆን?»

«አላውቅም ወንድም ጋሼ። አንዷ አልነሳም ካለችህ ግን አትሳደብ፤ ሐኪም ቤት ውሰዳት።»

አባቱን ለማየት ሱቁ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ እናቱ አንድ ቃል፣ አንዲት «አጠፋሁ» ከአፉ ለመስማት። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ይኸው ድነሃል አይደል? ታዲያ ምን ያስወራል? እሷም ትንሽ ብትታገስ ኖሮ ትድን ነበር።»

ታናሹ «ደህና ይዋሉ» ብሎት ወጣ።

ቤት ሲደርስ አክስቱ «ምን አለህ?» አለችው። ነገራት። እህቷን በእጇ ገንዛ የቀበረችው አክስቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱም የአባቱን ሱቅ ሁለተኛ አልረገጠውም።