የወጌሻው ወገብ

የሰፈሩ ሰው «እጀ መድኃኒት» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ሲያሹ የኖሩ ወጌሻ ናቸው። ዛሬ ግን ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው የልጃቸው የሕክምና ክፍል በር ላይ ቆመዋል።

«አርፍጃለሁ» አሉ። «የቤቱ ቁልፍ ጠፍቶ እናትሽ ፍራሽ ስትገለብጥ አረፈደች። አሁንም አልተገኘም።»

ልጅቱ የተማረችው ኦስቲዮፓቲ ይባላል። ስሙ አፍ ይሙላ እንጂ ነገሩ ከአባቷ ሙያ ብዙም አይርቅም፤ አጥንትን፣ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ እየዳሰሱ፣ የደረቀውን እያፍታቱ ማከም ነው። አባትና ልጅን ያጣላቸው ሌላ ነው። እሳቸው ታካሚን ምንም አይጠይቁም፣ እጃቸው ራሱ ያገኘዋል። እሷ ደግሞ ሁለት ገጽ ጥያቄ ሳትጨርስ ጣቷን አታሳርፍም። አምስት ዓመት የደከመችበትን ትምህርት አባቷ «የመርማሪነት ኮርስ» እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል፤ ቀልዱ እሷን አስቋት አያውቅም።

«አባባ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» አለች ወረቀቷን ይዛ።

«እጅሽ ይንገርሽ።»

«ወድቀው ነበር? እግርዎን ይደነዝዝዎታል? ሽንት ያስቸግርዎታል?»

«አንቺ ልጅ፣ ወገቤን ነው ያልኩሽ። እኔ ስንቱን አንዲት ቃል ሳልጠይቅ አቃንቼ ሰድጃለሁ። ከቻልሽ አንዴ ቀጭ አድርጊውና ልሂድበት። ካልቻልሽም ቁርጤን ልወቅ።»

እኚህ ሰው ወገባቸውን ለሌላ እጅ ሰጥተው አያውቁም። ዛሬ ሳታክም ከመለሰቻቸው ዳግመኛ እንደማይመጡ ታውቃለች። ካልመለሰቻቸው ደግሞ የማታውቀውን ወገብ ልትጠመዝዝ ነው። መዳፏን ላብ አጠመቀው። ፎጣው ላይ ጠረገችው፤ ወዲያው ተመልሶ ራሰ።

«እሺ፣ በጎንዎ ይተኙ።»

ጎንበስ ማለት አቅቷቸው ከነጫማቸው አልጋው ላይ ወጡ። አንድ እጇን ትከሻቸው ላይ፣ ሌላውን ዳሌያቸው ላይ አሳረፈች። ጡንቻው እንደ ሳንቃ ደርቋል። «አየር ይሳቡ» አለች። ሳቡ። ትንፋሹን ሲያወጡ መግፋት ብቻ ነው የቀራት።

ያን ጊዜ የጫማቸው ጫፍ አንሶላውን ይዞ ጎተተው። እፎይ አለች ማለት ይቻላል፤ ለመዘግየት ሰበብ አገኘች። ጫማውን መንጭቃ ስታወጣው አንድ ነገር ወለሉ ላይ ኳ አለ።

የቤቱ ቁልፍ ነበር።

ካልሲውን ገፈፈችው። የቁልፉ ጥርስ ምልክት በውስጥ እግራቸው ላይ ጥርት ብሎ ታትሟል። ከቤት እስከዚህ ድረስ ረግጠውት መጥተዋል። በአውራ ጣቷ ጥፍር የታተመውን ቦታ ጫን አለችው።

«ይሰማዎታል?»

«ምኑ?» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ።

አልጋውን ይዛ ቆመች። አንድ ትንፋሽ ነበር የቀራት፤ ገፍታ ቢሆን ኖሮ የገዛ አባቷን እግራቸውን ልታሳጣቸው ነበር። ቁልፉን አንስታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ጫማዎ ውስጥ ነበር። ነርቭዎ ተጎድቷል፣ አባባ። ይሄ በእጅ የሚነካ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

እጀ መድኃኒት ቁልፉን አገላብጠው አዩት። ቀልድ ይመጣል ብላ ጠበቀች፣ አልመጣም።

«ሰኞ ከመሰላል ወደቅኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ማታውን እግሬን ደነዘዘኝ። ከትናንት ጀምሮ ሽንቴም እንቢ ብሎኛል።» ሁለቱን ገጽ ዳግም ሳትጠይቃቸው ጨረሱላት።

ታክሲ ጠርታ ወንበር ላይ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩት። ከዚያ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ትናንት አንድ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ነበር» አሉ። «ከጣሪያ ወድቆ፣ ወገቡን ይዞ። ምንም ሳልጠይቀው ነው ጠምዝዤ የሰደድኩት። ስልኬን ከኪሴ አውጪና ደውይለት።»

ደውላ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ። ታክሲው ደጅ ላይ ጡሩምባ ነፋ፤ እሳቸው ግን አልተነሱም። በመጨረሻ ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅ ተሰማ።

«ወንድሜ፣ እኔ ነኝ፣ ወጌሻው» አሉ። «ትናንት ሳልጠይቅህ የረሳሁት ነገር ነበር።»