አባ ቃሬዛ

አባ ሲራክ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጎፋ ካለው የካህናት ቤት ብዙም አይወጡም። ያን ሐሙስ ግን የክፍላቸው በር ቁልፍ ተበላሽቶባቸው፣ «ፉሪ ጥሩ ጥሩው አለ» ስለተባሉ ታክሲ ይዘው ወረዱ። ፉሪ ቤት የሚሠራው ሰው ብዙ ስለሆነ የሕንፃ ዕቃ መሸጫው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። አንዱ ሱቅ ገብተው ቁልፍ ሲያገላብጡ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠው ጎልማሳ ትክ ብሎ ያያቸው ጀመር።

«አባ ቃሬዛ?» አለ።

አባ ሲራክ የያዙትን ቁልፍ አስቀመጡ። ከጦርነቱ ወዲህ በዚህ ስም የጠራቸው ሰው አልነበረም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የሰሜኑ ድንበር ጦርነት ሲነሳ፣ ከምባታ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ ነበሩ። ያስቆረቧቸው ልጆች ሲዘምቱ እናቶቻቸው መጥተው «አባ፣ እዚያ ማን አላቸው?» እያሉ አለቀሱባቸው። አላስችላቸው አለና ጳጳሳቸውን አስፈቅደው ተከትለው ሄዱ። ግንባር ሲደርሱ የሕክምና ጣቢያው አዛዥ፣ አንድ ቁጡ ሻለቃ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው አይቷቸው፦

«አባ፣ እዚህ ቁጭ ብሎ ለሚጸልይ ሰው ቦታ የለኝም» አላቸው።

«ቁጭ አልልም። ቃሬዛ እይዛለሁ።»

ስሙ የወጣላቸው በዚያው ሳምንት ነው።

በአዘቦቱ ቁስለኛ ሲሸከሙ ይውላሉ። እሑድ ጠዋት የጥይት ሣጥን ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ይቀድሳሉ። ካቶሊኮቹ ጥቂት ነበሩ፤ ቢሆንም ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ኮፍያውን አውልቆ ራቅ ብሎ ይቆማል። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ሻይ ከበው ይንጫጫሉ። አባ ሲራክ ከዚያ በኋላ ስንት ያማረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀድሰዋል፤ ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ የሚመጣባቸው ግን ያ አቧራማ ሜዳና የዚያ ሁሉ ወጣት ሳቅ ነው።

«ያሕያ ነኝ» አለ ባለሱቁ። «ያዘሉኝ።»

ያን ጊዜ ፊቱ መጣላቸው። ከእሑዱ የሻይ ወሬ በደንብ የሚያውቁት አህመድ የሚባል ወታደር ሆዱን ተመቶ የገባበት ቀን ነበር። እንደማይተርፍ ገብቶታል። «አባ፣ ሙስሊም መሆኔን ያውቃሉ። ሸሃዳ የሚያስብለኝ ሰው ይፈልጉልኝ» አላቸው። ድንኳን ለድንኳን እየሮጡ ሲጣሩ፣ ከወዲያኛው ዳር ሁለት እግሩ በፋሻ የተጠቀለለ ልጅ እጁን አወጣ። ቃሬዛ የሚይዝ ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ጎንበስ ብለው አዘሉት። ያሕያ እያቃሰተ፣ እሳቸው እያለከለኩ፣ ድንጋያማውን ዳገት ወጡ። አህመድ አጠገብ አስተኙትና ውጭ ሆነው ጠበቁ። ተመልሰው ሲገቡ አህመድ ዓይኑን ከድኗል፤ ያሕያ ሕመሙ በርትቶበት ራሱን ስቷል። ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ኋላ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ አልተገናኙም።

ያሕያ ሱቁን ዘግቶ፣ እያነከሰ ቤቱ ወሰዳቸው። ባለቤቱ ቀመሪያ ምሳ አቀረበች። አባ ሲራክ ግን ሳይጎርሱ ወደ ያሕያ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ደርሰንለት ነበር?»

«አላወቁም እንዴ?» ያሕያ ደነገጠ። «ደርሰናል እንጂ አባ! ታዝዬ ስገባ አይቶኝ ሳቀ። ‹አንተንም እንደ ሕፃን አዘሉህ?› አለኝ። ከዚያ በጆሮው ሸሃዳውን ስልለት ከንፈሩ ተከተለኝ። አንድም ሳያስቀር ጨርሶ ነው የሄደው።»

አባ ሲራክ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ። አህመድን በየቅዳሴው ሲያስቡት የኖሩት ይህን ሳያውቁ ነበር። ቀመሪያ ውሃ ቀድታ አጠገባቸው አስቀመጠች።

ቆየት ብሎ ያሕያ፣ «እህቱ ሪሐና ቡታጅራ ናት፤ እንጠያየቃለን። ልደውልላት?» አለ።

ያሕያ ማን አጠገቡ እንዳለ ለሪሐና ነግሮ ስልኩን ለአባ ሲራክ ሰጣቸው።

«አባ፣ ሲሄድ ትንሽ ልጅ ነበርኩ» አለች። «ድምፁ ጠፍቶብኛል። እንዴት ነበር የሚያወራው?»

አባ ሲራክ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ቀጭን ድምፅ ነበረው። መንዙማ ሲያንጎራጉር ጓደኞቹ ‹ሴት ወይዘሮ መጣች› እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱ ደግሞ አውቆ ያቀጥነዋል። በአንድ የደነዘ ምላጭ የሻምበሉን ወታደር ሁሉ ጢም የሚላጨው እሱ ነው። እኔንም ላጭቶኛል፤ አገጬን ቆርጦኝ ‹አባ፣ ይቅር በሉኝ፣ ሥራዎ አይደል› አለኝ።»

ሪሐና ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። «ቤት እያለም እንዲህ ነበር ትል ነበር እናቴ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ያሕያ ፒካፑን አስነሥቶ አባ ሲራክን ከጎፋ ወሰዳቸው። ቡታጅራ ሲደርሱ ሪሐና መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቅ አገኟት። እስኪመሽ ድረስ ስለ አህመድ ሲያወሩ ዋሉ።