የእናቱ ትከሻ

«ነገ ቀብሩ እስኪያልቅ ቆልፉበት» አለ አጎት ዜፋንያ፣ ዱላውን ከጉልበቱ ላይ ሳያነሳ።

ሙቻኔታ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። የእናቷ አስከሬን እንደ አገሩ ወግ በክቡ ማድቤት መካከል ተጋድሟል፤ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ከበውታል። ወንድሟ ጋሪካይ በሩ ጥግ ቁጭ ብሎ ይወዛወዛል። ጎልማሳ ነው፣ ግን አፉን አልፈታም። በአባታቸው ቀብር ሕዝቡ ሲጫነው የአንዱን ሰውዬ ጥርስ አራግፏል፤ ይህን በወረዳቸው በቡሄራ የረሳ የለም።

«እናቱን ሳይቀብር ይቅር፣ አጎቴ?» አለች በቀስታ።

«ዩኒቨርሲቲው ጥርስ መትከልም አስተምሮሻል እንዴ?»

ከዚያ ቀብር በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ልጅሽን በአለንጋ ግሪው ሲላት፣ እናቷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሳህን ሲወረውር ዝም ብላ ስባሪውን ትለቅማለች። ውሃ ቀድቶ ሲመጣ ግን፣ በር ቀስ አድርጎ ሲዘጋ፣ እጆቿን አጨብጭባ እንደ ትልቅ ሰው በጎሳው ስም ታመሰግነዋለች፤ «ሻቫ፣ ደግ አደረግህ» እያለች። ሰው ሲበዛበት ትከሻዋን እንዲነካም አስለመደችው። ከነካት ማዕድም ላይ ብትሆን ተነስታ ይዛው ትወጣለች። አንድ ቀን እንኳ «ቆይ» ብላው አታውቅም።

ድንገት ሳቅ ተነሳ። ማይ ታሩ የሟቿን ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ እንደ እሷ እያነከሰች ገባች። የቤቱ ሳህዊራ፣ የቤተሰቡ የቃል ኪዳን ወዳጅ ናት፤ በለቅሶ ላይ ሟቹን መስሎ መቀለድ የእሷ ድርሻ ነው። «ዶሮዬን ማን በላት?» አለች በሟቿ ድምፅ። ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ።

ጋሪካይ መወዛወዙን አቆመና ተነሳ።

ሳቁ ተቆረጠ። ሴቶቹን እየረገጠ ወደ ማይ ታሩ ሄደ፤ ግዙፍ እጁንም አነሳ። አጎት ዜፋንያ ዱላውን ይዞ ብድግ አለ። የጋሪካይ እጅ ግን የማይ ታሩ ትከሻ ላይ አርፎ ቀረ።

«አጎቴ፣ አይምቱት!» ሙቻኔታ የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። «ውሰጂኝ እያለ ነው። ማይ ታሩ፣ ይዘሽው ውጪ። ቆይ እንዳትይው።»

ማይ ታሩ ቀልዷ ጠፍቶ ይዛው ወጣች። ውጭ፣ ማንጎው ሥር፣ ትንፋሹ እየረጋ ሄደ። ሙቻኔታ ተከትላ ወጥታ አጨበጨበችለት፤ «ሻቫ» ብላ ስትጀምር ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቢሆንም ጨረሰችው።

አጎት ዜፋንያ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። «ነገስ የማንን ትከሻ ሊነካ ነው?»

«የእኔን። እሺ ካለኝ።»

ሽማግሌው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ከኋላ ቁሙ» አለ። «ሰዉን ገለል አድርጌ መንገድ የማስከፍተው እኔ ነኝ።»

ጋሪካይ አልሰማቸውም። የማይ ታሩን ፊት ትኩር ብሎ እያየ ነበር። ሲበቃው የእናቱን ሻሽ ከራሷ ላይ ቀስ ብሎ ፈታ፤ አንዴ አጠፈው፣ ደገመና አጠፈው፤ ከዚያ የእህቱን መዳፍ ከፍቶ አስቀመጠላት። ጣቶቿንም አንድ በአንድ ከደነበት።