ገንፎ የማይበላ እንግዳ

ነሲማ «እንሽላሊት ላሳድግ ነው» ስትላት ጎረቤቷ ዐይሻ በሳቅ ፈረሰች። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባት ግን ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«አዑዙ ቢላህ! መግደሉ አጅር፣ ምንዳ አለው የሚባለውን? ደግሞ አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ስታዪው መጥረጊያ የምታነሺው?»

እውነቷን ነው። በጃንሆይ ዘመን በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ እንደ ነሲማ ቤት የሚያጸዳ ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ግን አንድያ ልጇ ሸምሲያ በቅርቡ ድሬዳዋ ተዳረች። ነሲማ ልትጠይቃት ወርዳ ሳለች ከመብራቱ አጠገብ አንዲት የግድግዳ እንሽላሊት «ጪክ ጪክ» ስትል ሰማች። ሸምሲያ «እሷ ጓደኛዬ ናት፤ ባሌ ሲያመሽ ከእሷ ጋር ነው የማወራው» አለቻት። ነሲማ ሐረር ተመልሳ በሯን ስትከፍት ቤቱ ጭጭ ብሎ ጠበቃት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇም ሄደች። የራሷን ትንፋሽ ስትሰማ ፈራች።

ስለዚህ ወደ ሸዋ በር ገበያ ወረደች፤ ከሶፊ ገጠር ጫት እያመጣ ወደሚሸጠው ወደ ዓብዱላሂ።

«አንድ እንሽላሊት ያዝልኝ» አለችው። «የምትጮኸውን ዓይነት።»

ዓብዱላሂ ጫት ማሰሩን ተወና ቀና አለ። «አላመጣም፣ አዴ ነሲማ።»

«ምን በደልኩህ?»

«እኔንማ አልበደሉኝም። ኤሊዋን ነው እንጂ።»

ነሲማ ፊቷ ጋለ። ያቺን ኤሊ ቀደም ሲል ያመጣላት እሱ ራሱ ነበር። ነሲማ ደግሞ ለዓሹራ በዓል ጅብ እንኳ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፣ ጅብ የወደደውን ኤሊ ለምን ትጠላዋለች ብላ ጠዋት ማታ ገንፎ አቀረበችላት። ቅቤውንም አልሰሰተችም። ኤሊዋ ከእንግድነት ይሁን ከረሃብ ትንሽ ቀመሰች፣ ከዚያ አፏን ዘጋች፣ ከዚያ ሞተች። ሣር ብቻ ነበር የፈለገችው፤ ሣሩ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ነበር።

«እኔ ከሜዳዋ አንስቼ ለሞት አመጣኋት» አለ ዓብዱላሂ። «ሁለተኛ አላደርገውም። እንሽላሊት ምን እንደምትበላ ያውቃሉ?»

«ፍርፋሪ ነዋ።»

«ውኃ ከየት ትጠጣለች? ሲበርድ የት ትገባለች?»

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለች ነሲማ።

«እንግዲህ ይጠይቁ፣ ይዩ። በዓይንዎ አይተው የሚነግሩኝ ቀን አመጣለሁ፤ ወላሂ!»

ተናዳ ተመለሰች። የልጇ እኩያ በሆነ ሰው መፈተኗ አንገበገባት። ደግሞ ማንን ትጠይቅ? ዐይሻን ብትጠይቃት መጥረጊያ ታቀብላታለች። ያላት የራሷ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሸምሲያ ከሄደች ወዲህ የምታመሽለት ስለሌላት መግሪብ እንደሰገደች ፋኖሷን አጥፍታ ትተኛ ነበር። ያን ዕለት ግን ፋኖሱን አላጠፋችም፤ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። የእሳት ራቶች ተሰበሰቡ። ጥቂት ቆይቶ ከጣሪያው ሥር ካለው ስንጥቅ አንዲት ፈዛዛ እንሽላሊት ብቅ አለች፤ ነሲማ ኖራ በቀባች ቁጥር ልድፈነው እያለች የምትረሳው ስንጥቅ ነው። እንሽላሊቷ ቆመች፣ አየች፣ ዘላ አንዱን የእሳት ራት ዋጠች። ከዚያ ወርዳ ከውኃው እንስራ ወገብ ላይ የወጣውን ርጥበት ላሰች።

ጅራቷ ቆራጣ ነበር። ነሲማ በመጥረጊያ የመታቻትን ቀን አስታወሰች፤ ጅራቱ መሬት ላይ ሲፍጨረጨር ጠርጋ ደጅ የጣለችው እሷ ናት። አፈረች፣ አዘነችም።

«ጪክ» አለ ግድግዳው።

«አቤት» አለች ነሲማ፣ ሳታስበው። በዚያ ቤት አቤት ካለች ስንት ጊዜዋ!

በማግስቱ ዓብዱላሂን ሸዋ በር ስታገኘው አንድ በአንድ ነገረችው፤ እንሽላሊት የምትበላውን፣ የምትልሰውን ርጥበት፣ የምትገባበትን ስንጥቅ። ዓብዱላሂ ደስ አለው።

«በቃ፣ አሁን አመጣለሁ።»

«ተው፣ አታምጣ። አንተ የምትይዛት ካለችበት ትኑር።»

«ምነው? ተቀየሙኝ?»

«ኧረ አልተቀየምኩም።» ፀሐይዋን ቀና ብላ አየችና ሻሿን አጠባበቀች። «መግሪብ ደረሰ፣ ልሂድ። ፋኖስ የምትጠብቅ አለችብኝ።»