የማክሰኞ ሙቀት

«አራት ጥንድ ጓንት ነው የቆጠርኩት፣ ጋሼ። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ፣ በላስቲክ ከረጢት ተቋጥሮ። ያልተከፈተ ካርቶን ደግሞ መደርደሪያው ላይ አለ።»

አጎትየው የሻይ ብርጭቋቸውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ። ከኮሪደሩ ወዲያ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ከጎረቤት በተለመነ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ስለ ውሃ መጥፋት ያወራል። ለቅሶ በሁለተኛው ቀን እንዲህ ነው፤ ስለ ሟቹ ትንሽ፣ ስለ ውሃው ብዙ ይወራል።

«ጓንት ሰው አይገድልም» አሉ አጎትየው።

«ጓንት አይገድልም። ጓንት የሚያስጠልቀው ነገር ግን ይገድላል።»

ይህን ያለችው ሴት በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «አጉሊ መነጽር» ይሏታል፣ ሲያቆላምጧት ደግሞ «አጉሊ»። ሌላው ሰው ነጭ ነው ብሎ ካጠፈው አንሶላ ላይ የቡና ጠብታ ፈልጋ ታገኛለች። ትናንት የተቀበረው ታናሽ ወንድሟ በዚህ ጠባይዋ ይስቅባት ነበር። «አንቺ እኮ ገነት ብትገቢም የመላእክቱን ቀሚስ ገልብጠሽ እድፍ ነው የምትፈልጊው» ይላት ነበር። እሱ ፀጉር አስተካካይ ስለነበር ሳያስቅ የሚውልበት ቀን አልነበረም።

አጎትየው የአጉሊ እናት ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመጋዘን ጠባቂነት ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። ሰው ያለ ወረቀት አንዲት ሚስማር ቢጠይቃቸው አይሰጡም ነበር፣ ነገርም ያለ ማስረጃ አይቀበሉም።

«ስሚኝ ልጄ። ነገ ከሰዓት ቤተሰቡ ለብቻው ይቀመጣል። የያዝሽው ነገር ካለ እዚያ፣ ሚስቱ ባለችበት፣ ፊት ለፊት ተናገሪ። ከሌለሽ ግን በሆድሽ ያዢው። ጓንት ብቻ ይዘሽ በሰው ነፍስ ላይ አትቁሚ።»

«አገኛለሁ» አለች አጉሊ።

ጥርጣሬዋ የዛሬ አይደለም፣ ከስድስት ወር በፊት የገባባት ነው። ወንድሟ አንጀቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ተቆርጦ ወጣለት፤ ከዚያ ሐኪሞቹ ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ የሚውጠው ኪኒን አዘዙለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀው የሄደች ቀን ያየችው ነገር አንጀቷን አሳረረው። ሚስቱ ኪኒኖቹን ከዕቃቸው ወደ ክዳኑ አንከባለለች፤ ክዳኑን ለባሏ ሰጠችው፤ እሱ ራሱ ወደ አፉ ገለበጠው። የሴትየዋ ጣት ኪኒኑን ጫፉን እንኳ አልነካም። ከዚያ ዕቃውን ቁምሳጥኑ አናት ላይ ቆለፈችበት። ልብሱን ለብቻ በጓንት ታጥባለች። እሱ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ክዳኑን ገጥማ ሁለቴ ውሃ ትለቃለች። ሚስትየዋ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፣ የምታደርገውን ሁሉ በሥርዓት ነው የምታደርገው። አጉሊን ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው ሥርዓት ነበር።

«ሚስትህ ምንድን ነው እንደ አይጥ መርዝ የምትሸሸው?» ብላ ወንድሟን ለብቻው ጠየቀችው።

«ሐኪም ያላትን ነው። መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው አሉ፣ ጤነኛ ሰው በእጁ መንካት የለበትም።»

«በእጅ የማይነካ ነገር በአፍ ይዋጣል? ማን ነው እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣው?»

ወንድምየው ሳቀና መዳፎቹን ዘረጋላት። ቆዳው ቀልቶ ተሰነጣጥቆ፣ ከጣቶቹ ጫፍ ላይ ተልጦ ነበር። «ይሄም ከመድኃኒቱ ነው፣ የእግሬም መርገጫ እንዲሁ ነው። መቀስ መያዝ አቃተኝ፣ አጉሊ። አንድ ደንበኛዬን ጆሮውን ልቆርጠው ነበር። ደግነቱ ትልቅ ጆሮ ነው ያለው፣ ቢቀነስለትም አይጎዳውም።»

አልሳቀችም። ሆቴሉ ውስጥ በጓንት የሚታጠበው አንድ ዓይነት ልብስ ብቻ ነው፣ ስሙ የማይጠራ ነገር የነካው ልብስ። ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ሥራ ስትውል ጨርቁን በባዶ እጇ አጥባለች፣ ንፍጡን በቀሚሷ ጠርጋለች። አሁን አንዲት ሴት እሱን በላስቲክ ጣት ስትይዘው ማየት እንደ ስድብ ሆነባት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አጉሊ በዚያ ቀን መጠርጠር ጀመረች።

አሁን ሳሎኑ ውስጥ ሚስትየዋ ግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅ አውጥታ አታለቅስም፣ ሰው ሲገባ ቀና ትላለች፣ ሲወጣ ታቀረቅራለች። «እንባዋ ደረቀ እንዴ?» አለች አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ፣ ሹክሹክታ መስሏት። አጉሊ ሰማችና ይህንንም ከጓንቱ ጋር አኖረችው። ከሁሉ የከነከናት ግን ሴትየዋ ደጋግማ እጇን ከፍራሹ ሥር መስደዷ ነው። አንድ ነገር እዚያ አለ፣ መኖሩን ዳብሳ ታረጋግጣለች።

ከሰዓት በኋላ ሚስትየዋ ፊቷን ልትታጠብ ስትነሳ አጉሊ አንሶላ የምታስተካክል መስላ እጇን ሰደደች። የወጣው የተማሪ ደብተር ነው። ወጥ ቤት ገብታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ገለጠችው።

በየገጹ ቀን አለ፣ በየቀኑ ሦስት ቁጥር። ጠዋት 36.6፣ ቀን 36.8፣ ማታ 36.7። የሰውነት ሙቀት ነው። ከጎኑ በደቃቅ ጽሕፈት «ተቅማጥ ሁለቴ»፣ «አፉ ቆስሏል»፣ «እጁን ቅባት ቀባሁት» ይላል። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልተዘለለም። አጉሊ ገጾቹን እየገለጠች ወደ መጨረሻው ሄደች። ማክሰኞ፣ ጠዋት 36.7። ቀን፣ ባዶ። ማታ 36.9፣ «መድኃኒቱን ወሰደ»። ረቡዕ ከንጋት በፊት፣ 39.6። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም። ወንድሟ ረቡዕ ማለዳ ሆስፒታል ገባ፣ ዓርብ ሞተ።

በሴትየዋ በራሷ እጅ ተጽፏል! ማታ ደህና ነበር፣ ኪኒኑን ሰጠችው፣ ሳይነጋ ነደደ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

ለዚያ ባዶ ቦታ ደግሞ ምስክሯ አጉሊ ራሷ ነች። ማክሰኞ ቀን ፈቃድ ላይ የነበረችው ሚስትየዋ ለፈተና መዝገብ ተፈልጋ ሥራ ስትሄድ፣ ከታማሚው ጋር እንድትውልላት አጉሊን ለመነቻት። በሩ ላይ ቆማ ብዙ ነገር አዘዘች። «እትዬ፣ ትንሽ እንኳ ሞቅ ካለው ወዲያው ይደውሉልኝ። እስክመጣ ምንም አይስጡት።» አጉሊ «እሺ» አለች እንጂ ሆዷ «የገዛ ወንድሜን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» እያለ ነበር።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አለው። ግንባሩን ስትዳስሰው እንደ ካውያ ይፋጃል። ስልኳን ስታነሳ እጇን ያዛት።

«ተይ። ደውለሽ ከነገርሻት ሆስፒታል ትወስደኛለች። አንዴ ከገባሁ አልወጣም፣ አጉሊ። ዛሬን ከአንቺ ጋር በቤቴ ልዋል።»

ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር። መርፌ ፈርቶ ትኩሳቱን ከእናታቸው ሲደብቅ እሷ ከአልጋ ሥር ትሸሽገው ነበር፣ አንድም ቀን አሳልፋ አልሰጠችውም። ለወገቧ ሕመም ከቦርሳዋ የማይለየውን ማስታገሻ አውጥታ ከአዲስ እሽግ ሁለት ፍሬ ሰጠችው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቡ ወረደ፣ ሙቀቱ በረደ። ሾርባ ጠጣ። ስለዚያ ስለ ባለ ጆሮው ሰውዬ ደግሞ አወራላት፣ በዚህኛው ጊዜ ሳቀች። ስትሄድ የቀረውን ኪኒን ከነእሽጉ እጁ ላይ ጣል አደረገችለት። «ድንገት ከመጣብህ» አለችው። በእሷ እጅ አንድ ከሰዓት በኋላ ድኖ እንደነበር ማንም አይክዳትም። ያ ነገር ውስጧን እንደ ጋቢ ያሞቀው ነበር።

በማግስቱ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ቤተሰቡ ሳሎኑን ዘግቶ ተቀመጠ። አጎትየው ወንበር ላይ፣ ሚስትየዋ ፍራሿ ላይ። አንዲት ሌላ ሴት ልትሰናበት ስትነሳ አጎትየው «ሲስተር፣ እርስዎ ከቤተሰብ አይለዩም፣ ይቀመጡ» አሏት። ወንድምየው መድኃኒቱን ይቀበልበት ከነበረው ክፍል የመጣች ነርስ ናት። አጉሊ ደስ አላት፤ ባለሙያ ባለበት ይጣራ።

ደብተሩን ከጉያዋ አወጣች። ሚስትየዋ ስታየው እጇ ወደ ፍራሹ ሥር ሄዶ ባዶውን ተመለሰ።

«እኔ የማወራው የለኝም፣ ይሄ ይናገር» አለች አጉሊ። «ስድስት ወር ወንድሜን በጓንት ስትይዘው አይተናል። የማትነካውን ነገር ስታስውጠው አይተናል። ማክሰኞ ማታ ደህና ነበር፤ የጻፈችው ራሷ ናት። ኪኒኑን ሰጠችው። ሌሊቱን ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት! ምን ሰጠሽው? ለሟች እናታችን ስል ነው የምጠይቅሽ፣ ምን ሰጠሽው?»

ሚስትየዋ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ጣለች። ነርሷ እጇን ዘርግታ ደብተሩን ተቀበለችና በእርጋታ ገለጠችው።

«ጓንቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እናቴ» አለች። «ይሄ መድኃኒት የካንሰሩን ሕዋስ የሚገድለው ጤነኛውንም እየነካ ነው። ለታማሚው ግዴታ ነው፣ ለሚያስታምመው ግን ያለ ጥቅም ጉዳት ነው። በላብም በሽንትም ይወጣል። ክዳኑን፣ ጓንቱን፣ ልብሱን ለብቻ ማጠቡን ያስተማርናት እኛ ነን። እንደ እሷ አድርጎ የጠበቀ ሰው አላየሁም።»

አጉሊ ግን አልተረታችም። «ሌሊቱስ?»

«መድኃኒቱ ደም ውስጥ ያለውን መከላከያ ያወርደዋል። ያን ጊዜ ተራ ጀርም ሰው ይጥላል። ምልክቱ ሙቀት ነው፣ አንዳንዴም ከሙቀት ሌላ ምልክት የለውም። ለዚህ ነው ሠላሳ ስምንት ሲገባ ወዲያው አምጡ የምንለው። ማስታገሻ እንዳይሰጥ የምንከለክለውም ለዚህ ነው፣ ሙቀቱን ያበርደውና ደህና ነው ያሰኛል። ጀርሙ ግን ውስጥ ውስጡን ሥራውን ይሠራል።» ነርሷ ጣቷን ገጹ ላይ አሳረፈች። «የማክሰኞ ቀን አልተለካም። ሙቀቱ መቼ ነበር የጀመረው?»

«ሌሊት ነው» አለች ሚስትየዋ ቶሎ ብላ። ከተቀመጡ ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «ሌሊት ነው የጀመረው፣ ሲስተር።»

አጉሊ ዞር ብላ አየቻት። ሚስትየዋ ዓይኗን ከምንጣፉ አላነሳችም። በዚያች ቅጽበት አጉሊ ገባት፤ ሴትየዋ ታውቃለች። አውቃ ትዋሻለች፣ የምትዋሸውም ለሷ ነው።

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በዚህ ከተቋጨ…»

ዝም ብትል ይቋጭ ነበር። ሁሉም ተቃቅፎ ተላቅሶ፣ «ሐዘን ነው ያናገራት» ተብሎ ይቀር ነበር። አጉሊ ይህን አሰበች፣ ማሰቧንም ለራሷ አልካደችም። የአጎቷን ወንበር መደገፊያ ያዘች።

«ቀን ነው» አለች። «ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። እኔ ነበርኩ ያለሁት። እንድደውል ነግራኝ ነበር። አልደወልኩም። ሁለት ኪኒን ሰጠሁት፣ የቀረውንም ትቼለት ሄድኩ።»

አጎትየው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ነርሷ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «በሰዓቱ ቢመጣም ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም» አለች። «አይተርፍም ነበር ማለትም አልችልም። ይሄን ማንም አያውቀውም።»

«ማስታገሻውን ኪሱ ውስጥ አገኘሁት» አለች ሚስትየዋ ወደ ምንጣፉ። «ሆስፒታል ልብሱን ስለውጥለት። ከእሽጉ አራት ፍሬ ጎድሎ ነበር። ማታ እኔ ከመለካቴ በፊትም ሳይወስድ አልቀረም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? እዚህ ቆሜ ነፍሰ ገዳይ ሳደርግሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሆስፒታል እያለ አስምሎኝ ነው፣ እትዬ። ‹እህቴ ይህን ካወቀች አትኖርም› አለኝ። ደብተሩንም ያ ባዶ ቦታ እንዳይታይ ብዬ ነበር የደበቅኩት።» «እኔ ግን ተናድጃለሁ። ውሸት አልናገርም፣ በጣም ነው የተናደድኩት።»

«ተናደጂ» አለች አጉሊ። ያሳደገችው ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ እሷን ሊሸሽግ ሞክሮ ነበር፣ እሱንም አልቻለም። ለሦስት ቀን እንደ ዳኛ ቆማ የዋለችበት ቤት ውስጥ የት እንደምትቀመጥ አላወቀችም።

ሚስትየዋ ቀና ሳትል በግድግዳው በኩል ወደ ጥግ ፈቀቅ አለች፣ ከፍራሹ ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።