የማይዞር አንገት፣ ንጹሕ ማኅደር

አንገትህን ሳታዞር ከኋላህ ማን እንደቆመ ታውቃለህ? ሞክረው። ትከሻህንም ወገብህንም ሳታንቀሳቅስ፣ እዚያው እንዳለህ ሞክረው። አሁን ደግሞ አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ መሪ ጨብጠሃል እንበል፤ ማርሹ ወደ ኋላ ገብቷል።

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት የአንገቴ አከርካሪዎች በብረትና በስድስት ብሎን ተጣብቀው አንድ አጥንት እንዲሆኑ ተደረገ። ቀዶ ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ በእርሳስ እያመለከተ፣ «ግሩም ይዟል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይዟል። ግን ከማጅራቴ ተነሥቶ በግራ ትከሻዬ በኩል እስከ ሁለት ጣቶቼ የሚወርድ፣ የጋለ ሽቦ የመሰለ ሕመም አለ፤ እሱም ይዞኛል። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። ውኃ ስጠጣ ቀና ማለት ስለማልችል ብርጭቆው ግርጌ ያለው ሁልጊዜ ሳልጠጣው ይቀራል። ደረጃ ስወርድ እግሬን አላየውም። ሰው ከኋላ ሲጠራኝ እንደ ቁም ሳጥን ሙሉ ሰውነቴን ነው የማዞረው፤ ለዚህም ጋራዡ «ጄኔራል» የሚል ስም አወጣልኝ።

ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን የምታለብሰኝ ሚስቴ ናት።

«ዛሬስ?» ትለኛለች።

«ደህና ነኝ።»

«ለእኔም ነው የምትዋሸው?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ዛሬ እንደ ትናንት ነው፤ ትናንትም እንደ ትናንት ወዲያ።»

«እሱን በል። እሱ እንኳ ያስቃል።»

አልሳቀችም። ቁልፎቹን ቆልፋ ኮሌታውን ከጠባሳው ላይ በሁለት ጣቷ አነሣችልኝ።

ሥራ በተመለስኩ በሳምንቱ፣ በጋራዣችን ከማንኛችንም በላይ የቆየው በያጅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ አውቶቡሱን ወደ ኋላ ስመልስ አየኝ። በሩን ከፍቼ፣ ከወንበሩ ተነሥቼ፣ በግማሽ ጎኔ ወደ ውጭ ተንጠልጥዬ ነበር።

«ጄኔራል፣ ሰልፍ እየጎበኘህ ነው?»

«ተወኝ ጋሼ፣ አንገቴ እምቢ አለኝ።»

«አንተ ራስህ እምቢተኛ፤ አንገትህ ከማን ይማር?»

በማግስቱ ከተጣሉ መኪኖች አምስት መስታወት ለቃቅሞ መጣ። ሁለቱን በበሮቹ አጠገብ፣ ሁለቱን ከመሪው በላይ፣ ክቡን ደግሞ ከኋላ መስኮቱ ውጭ፣ መሬቱን እንዲያሳይ አድርጎ በየዳቸው። «በል፣ አሁን አምስት አንገት አለህ» አለኝ። ማንም ለኃላፊው አልተናገረም። ተቆጣጣሪው እንኳ አይቶ እንዳላየ አለፈ። እኔን ለማዳን ግቢው ሁሉ ዝም አለ፤ በኋላ የፈረደብኝም ያው ዝምታ ነው።

አሥራ አራት ወር እንዲህ ነዳሁ። አንድ ዝናባማ ማለዳ ግን ክቡ መስታወት ላይ ጭቃ ተረጭቶ ኖሯል። ወደ ኋላ ስመለስ አንድ ነገር ከጎማው ሥር ተንኮታኮተ። ወረድኩ። የግቢያችን የጽዳት ሠራተኛ ባልዲ ነበር። እሷ ከባልዲው ሁለት እርምጃ ርቃ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች።

«ባልዲ እኮ ነው ወንድሜ። ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

«ልገድልሽ ነበር።»

«ነበርን ተወው። ደግሞ ለማንም እንዳትናገር፣ ያባርሩሃል።»

ስብርባሪውን ጠራርጋ ከቆሻሻው ጋር ወሰደችው።

በዚያው ቀን ወደ ስምሪት ክፍል፣ ማለትም አውቶቡሶቹ የሚወጡበትን ሰዓት ወደሚመዘግበው ጠረጴዛ፣ እንዲያዛውሩኝ ጻፍኩ። ጡረታ አልጠየቅሁም፣ ካሣ አልጠየቅሁም። ሰው ሳልገድል ከመሪው ላይ አንሡኝ ነው ያልኩት። ጉዳዩ ለሕክምና ቦርድ ተመራ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ራጄን አየ። እኔን አላየኝም።

«አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ገጥሟል።»

«ሕመሙ አልሄደም፣ ዶክተር።»

«ሕመም ራጅ ላይ አይወጣም።»

«እኔ ላይ ይወጣል። እስቲ ቀና ብለው ይዩኝ።»

ማኅደሬን ገለጠ። «በአሥራ አራት ወር አንድም አደጋ የለም። የታመመ ሾፌር እንዲህ ያለ ንጹሕ ማኅደር አይኖረውም።»

ትዕግሥቴ አለቀ። ስለ አምስቱ መስታወቶች ነገርኩት፤ ስለ ባልዲውም፣ የማን እንደሆነ ሳልጠቅስ። እውነቱን ከሰማ ይገባዋል ብዬ ነበር፤ ቂልነቴ። «ያልተመዘገበ አደጋ አደጋ አይደለም» አለና ብዕሩን አነሣ። «መስታወቶቹን ማን ፈቀደ?»

ውሳኔው በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሁለት መስመር ነው። ሾፌሩ ለሥራው ብቁ ነው። ያለ ፈቃድ የተገጠሙት መስታወቶች ይነሡ። ሁለቱን መስመሮች አንድ እጅ ጻፋቸው፣ አንድ ማኅተም አረፈባቸው። የመጀመሪያው እውነት የመሰለው ሁለተኛው እንዲነሡ ባዘዛቸው መስታወቶች ምክንያት መሆኑን ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱም አላስተዋለም። ወይም እያስተዋለ ፈረመ። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

መስታወቶቹን እንዲያነሣ የታዘዘው ጋሼ ራሱ ነው። መቁረጫውን ይዞ ከአውቶቡሱ ኋላ ቆሞ አገኘሁት።

«ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ» አለኝ። «ያኔ ብተውህ ኖሮ በሳምንቱ አንድ ግንብ ገጭተህ ያምኑህ ነበር።»

«በግንቡ ፋንታ ሰው ቢሆንስ ጋሼ?»

መነጽሩን አጠለቀና ክቡን ቆረጠው። ሲወድቅ ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ሽቦው ከማጅራቴ እስከ ጣቶቼ ጋለ፤ ጣቶቼ ለቀቁት። መስታወቱ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንደ ልማዷ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች።

«ተይው» አልኳት። «ይህን አትጥረጊው። እዚያው ይታይ።»

ትንሽ አየችኝና መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «ስለ ባልዲው ከጠየቁህ» አለች፣ «የእኔ መሆኑን ንገራቸው።»

አውቶቡሱን አላስነሣሁትም። አፍንጫውን ወደ ግንቡ እንዳዞረ ቆሟል፤ ወደ ኋላ ካልሄደ አይወጣም። ቁልፉን በፖስታ አሽጌ ለሰብሳቢው ልኬለታለሁ። ይህ ከሥራ እንደሚያስወጣኝ አውቃለሁ፤ ሚስቴም ታውቃለች። ዛሬ ሸሚዜን ስታለብሰኝ «ደህና ነኝ እንዳትላቸው ብቻ» ነው ያለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ከውሳኔው አጠገብ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰብሳቢው ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ወደ ጋራዡ ግቢ ይምጣ። ቁልፉንም ይዞ ይምጣ። ሾፌሩ፣ በያጁ፣ ጽዳቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ራጄን ሳይሆን እኔን እያየ ይመልስልኝ፦ ይህ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከኋላው የቆመውን ሰው የሚያየው ማን ነው?